አሚሊን፦ ከኢንሱሊን ጋር የሚወጣው ፔፕታይድ ጂኑ ሲከፈት

ስኳር በሽታ ሲነሳ ሁሌም የሚወራው ስለ ኢንሱሊን ነው፣ ግን እዛው ቆሽት ውስጥ ያው ኢንሱሊን የሚሠራው ቤታ ሴል ከኢንሱሊኑ ጋር አብሮ የሚለቀው ሌላ ፔፕታይድ፣ ማለትም አጭር ፕሮቲን አለ፣ አሚሊን ይባላል፣ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል የጥጋብ ስሜትም ይሰጣል። ዛሬ ጂኑን ከፍተን እንየው።

ጂኑ ያለው 12ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው፣ የኢንሱሊኑ ደግሞ 11ኛው ላይ።

(ስክሪኑ ላይ፦ ሦስት ሳጥን፣ መሀላቸው መስመር)

ሳጥኖቹ ኤግዞን ናቸው፣ ማለትም ሳይጣሉ የሚቀሩት የጂኑ ክፍሎች፣ መስመሮቹ ደግሞ ተቆርጠው የሚጣሉት ኢንትሮኖች። የመጀመሪያው ኤግዞን ወደ ፕሮቲን አይተረጎምም። ሁለተኛው በዋናነት ፕሮቲኑን ከሴሉ ወደሚወጣበት መንገድ የሚመራውን የፊት ጫፍ ይይዛል። ዋናው ነገር ያለው ሦስተኛው ላይ ነው፣ አሚሊኑ ራሱ ሙሉ በሙሉ እዚህ ተጽፏል። መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮቲን 89 አሚኖ አሲድ ነው (አሚኖ አሲድ ፕሮቲን የሚገነባበት ጡብ ማለት ነው)፣ ከዛ ከፊትም ከኋላም ይቆረጥና 37 ብቻ ይቀራል።

አሁን ከ37ቱ ውስጥ ከ20 እስከ 29 ያለውን ቦታ በደንብ እዩት። ይሄ ቦታ ሰው ላይ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ክር ይሠራል፣ ክሩ ተጠራቅሞ አሚሎይድ ይሆናል፣ ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው የአብዛኞቹ ሰዎች ቆሽት ውስጥም የሚገኘው ይሄው ነው፣ በ1901 በማይክሮስኮፕ ታይቶ ነበር ግን ከምን እንደተሠራ የታወቀው በ1987 ነው፣ ይሄን ያህል ዘመን! ክሩ ሲጀማመር ቤታ ሴልን ይጎዳል፣ የበሽታው መነሻ ነው ወይስ ውጤት የሚለው ግን እስካሁን ያከራክራል።

አይጥስ? አይጥ አሚሊን አላት፣ አሚሎይድ ግን አይሠራባትም። ምክንያቱም እዛው ቦታ 25፣ 28 እና 29ኛው ላይ ፕሮሊን የሚባል አሚኖ አሲድ አላት፣ ፕሮሊን ባለበት ክሩ አይያያዝም። እኔ ከዚህ ጂን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው፣ ሦስት አሚኖ አሲድ ብቻ! በተቃራኒው ደግሞ ጃፓን ውስጥ አንዳንድ ታማሚዎች ላይ ሦስተኛው ኤግዞን ላይ አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ተቀይራ ተገኝታለች፣ 20ኛው አሚኖ አሲድ ከሴሪን ወደ ግላይሲን ይቀየራል፣ እንዲህ ያለው አሚሊን ደግሞ ከተለመደው ፈጥኖ ይጣበቃል።

ተመራማሪዎች ታዲያ የአይጧን ሦስት ፕሮሊን ወስደው የሰው አሚሊን ላይ አስገቡት፣ የማይጣበቅ አሚሊን ሆነ፣ ፕራምሊንታይድ ተብሎ በ2005 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፣ ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ከምግብ በፊት እንዲወጉት የተሠራ መድሃኒት ነው።