የነደባው ቀይ በጥቁር ቀለም

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ የሐረርን ቤት ውስጥ በጥቁር ቀለም፣ በብዕርና በብሩሽ፣ ስለ መሳል ነው የማወራው፤ በተለይ ጊድር ጋር ስለሚባለው ዋናው ክፍል፣ ሰው ነደባው (ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተሠራው የመቀመጫ መደብ) ላይ አረፍ ብሎ ቡና በሚጠጣበት ሰዓት።

ነደባው ቀይ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌት ባለ ብዙ ኅብር። በአንድ ጥቁር ይህ ሁሉ አይጠፋም ወይ? ኅብሩ ይጠፋል፣ እውነት ነው። በምትኩ ብርሃኑ ይወጣል፤ የቤቱን ቅርበት የሚሰጠው ደግሞ ለእኔ እሱ ነው፣ በበር ገብቶ ወደ ውስጥ እየደበዘዘ የሚሄደው።

ስለዚህ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ የሚቀረውን ወስኑ። ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነውና አንዴ ከጠቆረ አይመለስም። በኖራ የተቀባውን ግድግዳ፣ የሲኒውን አፍ፣ የሻሹን ጠርዝ በስስ እርሳስ ከልላችሁ ተዉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነደባው ላይ ነው። ቀዩ ዓይን ስለሚስብ ያጠቁሩታል። ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ ብታዩት ግን መካከለኛ ግራጫ ነው። አንድ ጠብታ ቀለም በአሥር ጠብታ ውሃ በጥብጡና በሰፊ ብሩሽ ሳትመላለሱ አንዴ ቀቡ። ሲደርቅ ይፈዛል፤ አትደንግጡ። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ሁለተኛውን ቅብ የደረጃው ፊት ላይ ብቻ ደርቡ፣ መቀመጫውን ተዉት፤ ከፍታው የሚታየው በዚህ ልዩነት ነው። ሳይደርቅ ከደረባችሁ የታችኛው ተነሥቶ ይዥጎረጎራል። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ቢሆን ይመረጣል፤ ቀጭን ወረቀት በውሃ ይጨማደዳል።

ድሬዳዋ ያላችሁ ደግሞ የቧንቧውን ውሃ ተጠንቀቁ። ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተወው ካልሲየም የቀለሙን ጥላሸት ያጓጉለዋል፤ ወረቀቱ ላይ ደቃቅ ጥቁር ነጥብ ይፈጠራል። ዝናብ ውሃ ወይም የተጣራ ውሃ ተጠቀሙ። በሙቀቱም ቀለም ብዕሩ ጫፍ ላይ ቶሎ ይደርቃል፤ በየጥቂት ደቂቃው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ስፌቱን ዙር በዙር አትቁጠሩ፤ መስመሮቹ ተጠጋግተው አንድ ጥቁር ጥፍጥፍ ይሆናሉ። ብርሃን ባረፈበት ጎን ብቻ ጥቂት ጥለት አሳዩ።

ሰዎቹ ላይ ስትደርሱ ከእጅ ጀምሩ። መጀመሪያ የጀበናውን አንገት፣ ከዚያ የያዙትን ጣቶች፣ ብዕሩን ሳታነሡ በአንድ መስመር። ፊቷ እንዲሳል የማትፈልግ እመቤት ካለች ፊቱን በነጩ ተዉት፤ የትከሻዋ ዘንበል ማለት ብቻውን ማን ለማን እንደሚቀዳ ይናገራል።