የ2011 የጄኤፍኤል የውድድር ዘመንና በየሜዳችን ሊኖር የሚገባው መሣሪያ፦ ለማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራትና ክቡራን እንግዶቻችን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤያችን ስለተገኛችሁ በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ስም ከልብ አመሰግናለሁ። እዚህ ጃፓን የምንኖር ኢትዮጵያውያን በእረፍት ቀናችን ኳስ ለመጫወት ያቋቋምነው ይህ ማኅበር ስለ ዋንጫና ስለ መዋጮ በየጊዜው ይነጋገራል፤ ዛሬ ግን ወደ ሒሳብ ሪፖርቱ ከመግባታችን በፊት፣ ከዚህ አገር የታችኛው ሊግ አንድ የውድድር ዘመን ላንሣ።

እ.ኤ.አ. በ2011 ጄኤፍኤል (የጃፓን እግር ኳስ ሊግ) ከሁለቱ የፕሮፌሽናል ሊጎች፣ ከጄ1 እና ከጄ2 ቀጥሎ ሦስተኛው እርከን ነበር። በ18ቱ ክለቦች ውስጥ የኩባንያ ቡድኖችና ወደ ጄ2 ለማደግ የሚታገሉ የከተማ ክለቦች ጎን ለጎን ይጫወቱ ነበር። ማርች 11 በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን፣ በቶሆኩ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ የውድድሩን መጀመሪያ አራዘመው፤ መቀመጫውን በሚያጊ ግዛት በታጋጆ ከተማ ያደረገው ሶኒ ሰንዳይ ከተማው በሱናሚው በመመታቱ የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወት ቀርቶ በሁለተኛው ዙር ውድድሩን ተቀላቀለ። ሊጉ ለዚህ ክለብ ቦታውን ጠብቆ ማቆየቱን እኔ እጅግ አከብረዋለሁ።

በናጋኖ ግዛት የሚገኘው ማትሱሞቶ ያማጋ በዚያ ዓመት ያስፈረመው ተከላካይ ናኦኪ ማትሱዳ ነበር። ማትሱዳ በ2002 የዓለም ዋንጫ ለጃፓን የተሰለፈ፣ በዮኮሃማ ኤፍ ማሪኖስ 16 ዓመት ተጫውቶ በ2003 እና በ2004 የሊጉን ዋንጫ ያነሣ ሰው ሲሆን፣ ክለቡ በ2010 መጨረሻ ሲያሰናብተው ጫማውን ከመስቀል ይልቅ ሁለት እርከን ወርዶ መጫወትን መረጠ። ኦገስት 2 ቀን ጠዋት ከቡድን ጓደኞቹ ጋር በማሟሟቅ ላይ ሳለ በልምምድ ሜዳው ወደቀ፤ የልብ የደም ሥር በድንገት ተዘግቶበት ነበር። ምቱ በአደገኛ ሁኔታ የተዛባን ልብ በኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ ትክክለኛ ምቱ ለመመለስ የሚያገለግለው ኤኢዲ የተባለው መሣሪያ በሜዳው ላይ አልነበረም። ከሁለት ቀን በኋላ በ34 ዓመቱ ዐረፈ።

ጃፓን ሐኪም ያልሆነ ሰውም በዚህ መሣሪያ እንዲጠቀም የፈቀደችው በ2004 ነው፤ ማትሱዳ ሲወድቅ ነገሩ አዲስ አልነበረም ማለት ነው። መሣሪያው ቢኖር ኖሮ ይድን ነበር ብሎ በእርግጠኝነት መናገር የሚችል የለም። ሆኖም ልቡ ቆሞ የወደቀ ሰው እርዳታ ሳያገኝ በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመዳን ዕድሉ ከመቶ 7 እስከ 10 እንደሚቀንስ ይታወቃል።

ማትሱሞቶ ያማጋ ሐዘኑን ይዞ ውድድሩን ቀጠለና አራተኛ ሆኖ ጨረሰ። ሻምፒዮኑ ሳጋዋ ሺጋ ለማደግ የማይወዳደር የኩባንያ ቡድን ስለነበር፣ ሁለተኛው ናጋኖ ፓርሴይሮም የማደጊያውን መስፈርት ስላላሟላ፣ ወደ ጄ2 ያደጉት ሦስተኛው ማቺዳ ዜልቪያና ማትሱሞቶ ሆኑ። ማቺዳ በዓመቱ ተመልሶ ቢወርድም በ2024 በጄ1 ሦስተኛ ሆኖ እስከ መጨረስ ደርሷል። ብዙ ሰው ያንን ዓመት በዚህ እድገት ያስታውሰዋል፤ ለእኛ ግን የሚበልጠው የልምምድ ሜዳው ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም እኛ የምንጫወተው ሐኪምም አምቡላንስም በሌለበት የኪራይ ሜዳ ላይ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ሦስት ነገሮችን ለውሳኔ ያቀርባል። ማኅበሩ አንድ ኤኢዲ ገዝቶ ወይም ተከራይቶ ከኳሶቹ ጋር ወደ ሜዳ ይውሰድ፤ ከየቡድኑ ሁለት ሰው በእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት የሚሰጠውን የነፍስ አድን ሥልጠና ይውሰድ፤ ከጨዋታ በፊትም አምቡላንስ ለመጥራት ወደ 119 የሚደውለው ሰውና የሜዳው አድራሻ ይታወቅ። መሣሪያው ሲከፈት በድምፅ መመሪያ ይሰጣል፤ መመሪያው ግን አብዛኛውን ጊዜ በጃፓንኛ ስለሆነ፣ ቋንቋውን ገና ያልለመዱ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ንዝረቱን ከሚያስተላልፉት ሁለት ልጣፎች አንዱ በደረት ላይ ከቀኝ የአንገት ሥር አጥንት በታች፣ ሌላው ከግራ ብብት ዝቅ ብሎ በጎን በኩል እንደሚለጠፍ አስቀድመው በእጃቸው ሊለማመዱት ይገባል። ንዝረት የማያስፈልገው ከሆነ መሣሪያው ራሱ ስለማይሰጥ፣ እጎዳዋለሁ ብሎ ማመንታት አያስፈልግም።

የወጪው ዝርዝር በሒሳብ ሹሙ ሪፖርት ውስጥ ተካቷል። በጉዳዩ ላይ በሰፊው ተወያይታችሁ ዛሬውኑ እንድትወስኑ በአክብሮት እየጠየቅሁ፣ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን መከፈቱን አበሥራለሁ።