ከአገሩ በፊት ወሩ፦ ጸጥ ያለ ባሕር ዳርቻ አመራረጥ

ሰናይት፦ ሰላም አድማጮቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ጉዳያችን እግራችን ረግጦት በማያውቅ አገር ጸጥ ያለ ባሕር ዳርቻ እንዴት እንደሚመረጥ ነው። ወራቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምንጠራው፤ ትኬቱም ሆቴሉም የሚያዘው በዚያ ነውና። ዮናስ፣ ብዙ ሰው «የትኛው አገር ነው ጸጥ የሚለው?» ብሎ ነው የሚነሳው።

ዮናስ፦ ስህተቱም ከዚያ ነው የሚነሳው። ጸጥ ያለ አገር የሚባል ነገር የለም። ያለው ጸጥ ያለ ሁለት ኪሎ ሜትር አሸዋ ነው፤ እሱም በዓመት ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት። ስለዚህ መጀመሪያ ወሩን፣ ቀጥሎ ዳርቻው የዞረበትን አቅጣጫ፣ ከዚያ መንደሩን፣ ማደሪያውን መጨረሻ ላይ። ሰው ግን የሆቴሉን መዋኛ ገንዳ በፎቶ አይቶ ይወድና ሌላውን ሁሉ ለእሱ ያስማማል።

ሰናይት፦ ወሩ ለምን ቀደመ?

ዮናስ፦ ስሪላንካን ተመልከቺ። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ገደማ ሞንሱን የሚባለው ዝናብ አምጪ ወቅታዊ ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል። በደቡቡና በምዕራቡ ዳርቻ ባሕሩ ይናወጣል፣ መዋኘትም አደገኛ ይሆናል። በዚያው ሳምንት በምሥራቅ በኩል፣ ትሪንኮማሊ አካባቢ፣ ውሃው የረጋ ነው። ወደ ዓመቱ መጨረሻ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል። እና «ስሪላንካ በጁላይ እንዴት ነው?» ለሚል ሰው መልሱ «በየትኛው በኩል?» የሚል ጥያቄ ነው።

ሰናይት፦ ታይላንድም እንደዚሁ ናት። ፉኬትና ክራቢ ያሉበት የአንዳማን ባሕር ዝናቡ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ነው። በሌላው ጎን ያለችው ኮ ሳሙይ ግን ከባዱን ዝናብ የምታገኘው ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው በረራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የአገሩን አማካይ የአየር ጠባይ አንብቦ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ይህ ልዩነት አይታየውም።

ዮናስ፦ አማካዩን ስታነቡም የዝናቡን ሚሊ ሜትር ብቻ አትዩ። በወሩ ስንት ቀን እንደሚዘንብ እዩ። 150 ሚሊ ሜትር በስድስት ከሰዓት በኋላዎች ወርዶ ሊያልቅ ይችላል፤ ያ ምንም አይደለም። ያው 150 ሚሊ ሜትር በ20 ቀን ተከፋፍሎ ከወረደ ግን ሰማዩ ወሩን ሙሉ ግራጫ ነው። ከዝናቡ ጎን ደግሞ የነፋሱን ፍጥነትና የባሕሩን ሙቀት ተመልከቱ፤ ሁለቱም በአብዛኞቹ የአየር ጠባይ ገጾች ላይ አሉ፣ የሚከፍታቸው ግን ጥቂት ነው።

ሰናይት፦ የባሕሩ ሙቀት ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ሜዲትራኒያንን ለሚያስብ ሰው ወሳኙ እሱ ነው። ውሃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል። በሜይ አየሩ ሞቆ ባሕሩ ገና ቀዝቃዛ ነው። በሴፕቴምበር አየሩ ለስለስ ሲል ባሕሩ የበጋውን ሙቀት እንደያዘ ይቆያል፤ ተማሪዎችም ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳሉ። ለእኔ ከሴፕቴምበር ሁለተኛ ሳምንት የተሻለ ጊዜ እዚያ የለም። በተቃራኒው ጣሊያን ውስጥ ኦገስት 15 ፌራጎስቶ የሚባለው በዓል ነው፣ በዚያ ሰሞን አገሬው ራሱ ወደ ባሕር ይወርዳል። የራሳችሁን የዕረፍት ቀን ብቻ ሳይሆን የምትሄዱበትን አገርና የጎረቤቶቹን የትምህርት ቤት ዕረፍት ቀን አውጥታችሁ እዩ።

ዮናስ፦ ዘግይቶ መሄድም የራሱ ችግር አለው። በትንንሽ ደሴቶች ከኦክቶበር አጋማሽ በኋላ ጀልባው በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ይሆናል፣ ምግብ ቤቱም ይዘጋል። ያ ጸጥታ አይደለም፤ ወና መሆን ነው። ስለዚህ ከመያዛችሁ በፊት የጀልባውን የዚያ ወር ፕሮግራም ፈልጉ፤ ቦታው በሕይወት መኖሩን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ሰናይት፦ ካሪቢያንን ለሚመርጥስ?

ዮናስ፦ በአትላንቲክ የሃሪኬን፣ ማለትም የኃይለኛ አውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ክብደቱ ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ነው። በዚያ ጊዜ ዋጋው በግማሽ ወርዶ ብታዩት ምክንያቱ ይኸው ነው። አሩባ፣ ቦኔርና ኩራሳው አውሎ ነፋሱ ከሚያዘወትረው መንገድ በስተደቡብ ስለሆኑ እምብዛም አይመቱም። ኢንሹራንስ ደግሞ ትኬቱን በቆረጣችሁበት ቀን ይገዛ። አውሎ ነፋሱ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ ኢንሹራንስ በአብዛኛው ያንን አውሎ ነፋስ አይሸፍንም፤ አስቀድሞ የታወቀ አደጋ ነው ተብሎ ይቆጠራልና። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ሰናይት፦ እሺ፣ ወሩ ታወቀ። አሁን አቅጣጫው።

ዮናስ፦ የሚያሳዝነኝ ጉዳይ ይሄ ነው፤ ለማየት አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር የሰውን ሙሉ ዕረፍት ያበላሻል። መጀመሪያ ነፋሱ። ግሪክ ውስጥ በኤጂያን ባሕር ጁላይና ኦገስት ሜልቴሚ የሚባል ነፋስ ከሰሜን ይነፍሳል፣ አንዳንዴ ለቀናት ሳያቋርጥ። በዚያ ወቅት ወደ ሰሜን የዞረ ዳርቻ ማዕበሉንም አሸዋውንም ይቀበላል። በዚያችው ደሴት ወደ ደቡብ የዞረው ወሽመጥ ግን ብዙ ጊዜ የተከለለ ነው።

ሰናይት፦ እዚህ ጋ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የነፋስ ስም የሚነሳበትን እንጂ የሚሄድበትን አይናገርም። «የሰሜን ነፋስ» ከሰሜን የሚመጣ ነው። አፕሊኬሽኑ ላይ ቀስት ስታዩ ቀስቱ ወዴት እንደሚያመለክት አረጋግጡ። ከጀርባው ረጅም ተራራ ያለው ዳርቻም ሁልጊዜ የተከለለ አይደለም። ነፋሱ ተራራውን ዘሎ በኃይል የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ በቀርጤስ ደቡባዊ ዳርቻ ይህ የታወቀ ነው።

ዮናስ፦ ካርታ ላይ ቀላሉ ምልክት የካይት ሰርፊንግ፣ ማለትም በነፋስ በሚጎተት ካይት ውሃ ላይ የመንሸራተት ስፖርት፣ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ሦስት አራት ትምህርት ቤት ተደርድሮ ካያችሁ እዚያ አስተማማኝ ነፋስ አለ ማለት ነው። ስፔን ውስጥ ታሪፋ፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ካባሬቴ፣ ዛንዚባር ላይ ፓጄ። ውብ ቦታዎች ናቸው፤ መጽሐፍ ይዞ ከሰዓት በኋላ አሸዋ ላይ ለመጋደም ግን አይሆኑም።

ሰናይት፦ ፓጄን ካነሳህ አይቀር የባሕሩን መሙላትና መሸሽ እናንሳ።

ዮናስ፦ አዎ፣ እሱ ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ነው። በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ውሃው ሲሸሽ በብዙ መቶ ሜትሮች ይርቃል፤ መዋኘት ቀርቶ ጉልበት የሚደርስ ውሃ ለማግኘት ረጅም መንገድ መሄድ ያስፈልጋል። የሆቴሉ ፎቶ ግን ሁሌም ባሕሩ በሞላበት ሰዓት የተነሳ ነው። በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ላይ ቀኑን ሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ይዋኛል፤ በዚያው ልክ ሰው ይበዛባቸዋል። ምርጫው እንግዲህ የእናንተ ነው። በሸሸ ባሕር ወለል ላይ መራመድና ሴቶቹ የባሕር አረም ሲያለሙ ማየት የሚወድ ሰው ምሥራቁን ይምረጥ።

ሰናይት፦ አሠራሩን ላስረዳ፤ ከዚያ ማንም በራሱ ማስላት ይችላል። ባሕሩ በአብዛኛው በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ውስጥ ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። ስለዚህ ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ወደ ኋላ ይዘገያል። ዛሬ ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ የሞላው ከሳምንት በኋላ በዚያ ሰዓት የሸሸ ይሆናል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በምትወጣበት ሰሞን ልዩነቱ ከፍተኛ ነው፤ ግማሽ ጨረቃ ላይ ያንሳል። የቦታውን ስምና ቀኑን አስገብታችሁ የመሙላቱንና የመሸሹን ሰዓት ሰንጠረዥ ከኢንተርኔት አውጡ፣ ከዚያ በቆይታችሁ ቀናት ከጠዋቱ 3 እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት ውሃው የት እንደሆነ እዩ። ሜዲትራኒያን ላይ ይህን መተው ይቻላል፣ ልዩነቱ በአብዛኛው ቦታ በጣም ትንሽ ነው።

ዮናስ፦ ሁለት ነገር ጨምሪበት። አንደኛው ሳርጋሰም የሚባለው ተንሳፋፊ የባሕር አረም ነው። ከ2011 ወዲህ በካሪቢያንና በሜክሲኮ የካሪቢያን ዳርቻ በብዛት እየመጣ ይከመራል፤ ብዙውን ጊዜ ከማርች እስከ ኦገስት ገደማ። ሲበሰብስ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። የሚያጠቃው ወደ ምሥራቅ የዞሩትን ዳርቻዎች ነው፤ እንደ ኮዙሜል ያለ ደሴት ምዕራባዊ ጎኑ በአብዛኛው ንጹሕ ይሆናል። ሁለተኛው ወንዝ ነው። ወንዝ ባሕር በሚገባበት አጠገብ ያለ ዳርቻ ከዝናብ በኋላ ውሃው ይደፈርሳል፤ ኬንያ ውስጥ ማሊንዲ ላይ የሳባኪ ወንዝ ባሕሩን ቡናማ ያደርገዋል።

ሰናይት፦ እዚህ ላይ የሳተላይት ካርታውን እንክፈት። ምን ምን ታያለህ?

ዮናስ፦ በመጀመሪያ በሆቴሉና በአሸዋው መካከል መንገድ አለ ወይ? «ባሕሩ ፊት ለፊት» የሚለው ቃል መካከል ላይ አውራ ጎዳና እንደሌለ አያረጋግጥም። ከዚያ የመኪና ማቆሚያውን እመለከታለሁ። አውቶቡስ የሚቆምበት ሰፊ ቦታ ካለ ቀን ቀን ጎብኚ በጅምላ ይመጣል ማለት ነው። የጃንጥላና የአልጋ ድርድሩን ደግሞ አጉልቼ አየዋለሁ። ጣሊያን ውስጥ ብዙው አሸዋ ለተከራዮች የተሰጠ ስለሆነ ድርድሩ ከዳር እስከ ዳር ነው። ነጻው ክፍል «ስፒያጃ ሊቤራ» ይባላል፣ አንዳንዴም ጠባብ ሰንጣቃ ነች። በመጨረሻ የተቆፈረ ቀይ መሬትና የግንባታ ክሬን እፈልጋለሁ፤ ምስሉ የተነሳበትን ቀን ግን ሳላይ አላምንም።

ሰናይት፦ ግንባታውን ምስሉ ካልነገረን እንግዶች ስለ ሆቴሉ የጻፏቸው አስተያየቶች ይነግሩናል። የሰጡትን የኮከብ ብዛት ተዉት። ከአዲሱ ጀምሮ እንዲደረደር አድርጉና የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት አንብቡ፤ ቀጥሎ ባለፈው ዓመት እናንተ በምትሄዱበት ወር የተጻፈውን። «ግንባታ»፣ «ሙዚቃ»፣ «ጄኔሬተር»፣ «ባር» የሚሉትን ቃላት በአስተያየቱ ቋንቋ ፈልጉ። ከዚያ ለባለቤቱ በጽሑፍ ጻፉ። «ቦታው ጸጥ ይላል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ አዎ ነው። «ሙዚቃ የሚያጫውት በጣም ቅርቡ ቤት ስንት ሜትር ይርቃል? እስከ ስንት ሰዓት? አጠገባችሁ የሚሠራ ሕንፃ አለ? ጄኔሬተሩ የቱ ክፍል አጠገብ ነው?» በሉ። በጽሑፍ መሆኑ ክፍል ማስቀየር ወይም ገንዘብ ማስመለስ ካስፈለገ መከራከሪያ ይሆናችኋል።

ዮናስ፦ አሥር ሌሊት በአንድ ጊዜ መያዝንም አልመክርም። አራት ሌሊት ያዙ፣ ቀሪውን በነጻ የሚሰረዝ አድርጉት። በማታውቁት አገር የመጀመሪያው ምርጫ በአንድ መንደር ሊሳሳት ይችላል፤ የሚያስፈልጋችሁም ሦስት ኪሎ ሜትር መራቅ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሰናይት፦ መድረሻ ሰዓቱስ?

ዮናስ፦ ማልዲቭስን የሚመርጥ ሰው ይህን ሳያውቅ ትኬት እንዳይቆርጥ። ወደ ሪዞርቶቹ ደሴቶች የሚያደርሱት፣ በውሃ ላይ የሚያርፉት አውሮፕላኖች የሚበሩት በቀን ብርሃን ብቻ ነው። ዋና ከተማዋ ማሌ አመሻሹ ላይ ከደረሳችሁ እዚያው ታድራላችሁ፤ የሪዞርቱን አንድ ሌሊት ከፍላችሁ ሌላ ሆቴል ትጨምራላችሁ። ወይ በረራውን ማለዳ አድርጉት፣ ወይ በፈጣን ጀልባ የሚደረስበት ደሴት ምረጡ። ነዋሪ ያለበት ደሴት ላይ ደግሞ አልኮል አይሸጥም፣ በዋና ልብስ መሆንም የሚፈቀደው ለዚያ በተከለለው ዳርቻ ብቻ ነው። ዋጋው ከሪዞርት እጅግ ያነሰ ነው፣ ማታውም በእውነት ጸጥ ይላል።

ሰናይት፦ ሰነዱን ባጭሩ፦ ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር እንዲቀረው ይፈልጋሉ። የቢጫ ወባ ክትባት የሚጠይቅ አገር ከሆነ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት ተከተቡ፣ የምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ነው። ትራንዚት የምታደርጉበትን አገርም ቆጥሩ።

ዮናስ፦ አሁን ደኅንነት፤ ጸጥ ያለ ዳርቻ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ነፍስ አድን ሠራተኛ የሌለበት ዳርቻ ነውና። ወደ ባሕር የሚጎትት ጅረት የሚያታልለው በመልኩ ነው። ግራና ቀኙ ማዕበል እየተሰበረ መካከሉ የረጋ የሚመስል፣ ጠቆር ያለ ሰርጥ ካያችሁ፣ ሰው ለልጆቹ ይሻላል ብሎ የሚመርጠው እሱን ነው። ውሃው ተመልሶ የሚወጣው ግን በዚያ ነው። ከያዛችሁ ወደ ዳር ፊት ለፊት አትታገሉት። ተንሳፈፉ፣ ትንፋሻችሁን ሰብስቡ፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ዋኙ፣ ማዕበሉ በሚሰበርበት በኩል ተመለሱ።

ሰናይት፦ ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍሰው ነፋስም እንደዚያው ያታልላል። ውሃውን መስታወት ያስመስለዋል፤ የሚነፋ ፍራሽ ላይ የተኛ ልጅን ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይወስዳል። በዚያ ቀን የሚነፋ ነገር ከውሃው ይውጣ።

ዮናስ፦ ባንዲራ ካለ፦ ቀይና ቢጫ ቀለም ያለው ባንዲራ ሁለት ቦታ ከተተከለ በሁለቱ ባንዲራዎች መካከል ጥበቃ አለ ማለት ነው። ቀይ ብቻ ከሆነ አትግቡ። ወይን ጠጅ ቀለም በብዙ ቦታ ጄሊፊሽና መሰል ተናዳፊ የባሕር እንስሳትን ያመለክታል። በአውስትራሊያ፣ በሰሜናዊ ኩዊንስላንድ ከኖቬምበር እስከ ሜይ ገዳይ የሆኑ ጄሊፊሾች ስላሉ የሚዋኘው እነሱን ለመከላከል በተዘረጋ መረብ ውስጥ፣ ሰውነትን የሚሸፍን የዋና ልብስ ተለብሶ ነው። ያ ወቅት ርካሽና ባዶ ሆኖ ይታያል።

ሰናይት፦ ባንዲራም ጠባቂም ከሌለስ?

ዮናስ፦ የመጀመሪያ ጠዋት ላይ አትግቡ። ለሃያ ደቂቃ ከፍ ካለ ቦታ ሆናችሁ ማዕበሉ የትኛው ጋ እንደሚሰበር ተመልከቱ፤ ከዚያ ዓሣ አጥማጆቹ ሲመለሱ ጠብቃችሁ የመንደሩ ልጆች የት እንደሚዋኙና የት እንደማይዋኙ ጠይቁ። ልጆቹ የማይገቡበት ቦታ ካለ እናንተም አትግቡበት፣ የሆቴሉ አልጋዎች እዚያው ፊት ለፊት ቢደረደሩም።