የአደጋ ጊዜ መውጫው ቁልፍ፦ በሆቴል ባለቤቶች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የሥራ ሪፖርቱን ዋና ጸሐፊያችን፣ ሒሳቡን ኦዲተራችን ያቀርቡላችኋል፤ እዚያ ውስጥ አልገባም። የማነሳው ቡና ላይ ስንገናኝ የምናማውን የኮከብ ምደባ ነው።

ከ2007 ዓ.ም. በፊት የነበረውን ታስታውሳላችሁ። ኮከብ ሰጪው ታፔላ ጸሐፊው ነበር፤ ቀለም እስካለው ድረስ አራቱን አምስት ያደርግልን ነበር። በዚያ ዓመት ባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ባለሙያዎች ጋር ሆኖ በመስፈርት ሲመዝነን የስንቶቻችን ፊት ጠቆረ! የእኔም ጠቁሯል።

የራሴን ልናዘዝ። መዛኞቹ ይመጣሉ ሲባል ሎቢውን አሳመርኩ፤ አዲስ ሶፋ፣ አዲስ ምንጣፍ፣ ጥግ ላይ ረከቦት። ሶፋውን ዞር ብለውም አላዩት። ሦስተኛ ፎቅ ወጡና የአደጋ ጊዜ መውጫው በር ጋ ቆመው «ይከፈትልን» አሉ። ቁልፉ ስቶር ኪፐሩ ኪስ ውስጥ ነው፤ ስቶር ኪፐሩ ደግሞ ምሳ ወጥቷል። ቆመን ጠበቅነው። በሩ ሲከፈት ደረጃው ላይ ባዶ የቢራ ሳጥን እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። መዛኟ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ጻፈች። ኮከቡ ማነሱ ለሳምንት አናዶኛል፤ ያ ደረጃ ግን እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል። ሙሉ አልጋ ይዤ ያደርኩባቸውን ሌሊቶች አስቡት።

(በነገራችን ላይ፣ የእንግሊዝ አውቶሞቢል ማኅበር በ1912 እ.ኤ.አ. ሆቴሎችን በኮከብ መመደብ ሲጀምር ሐሳቡን ያገኘው ብራንዲ ጠርሙስ ላይ ካሉት ኮከቦች ነው ይባላል። እኔ ደግሞ ኮከቤን በቢራ ሳጥን አጣሁት።)

«የእንግዳ አስተያየት ይበቃናል፤ ኢንተርኔት ላይ ያመሰግኑናል» የምትሉ አላችሁ። እንግዳ ስለ ቁርሱና ስለ ሻወሩ እውነቱን ይነግረናል፤ አልንቀውም። የውሃ ታንከራችን መቼ እንደታጠበ፣ ጥሬ ሥጋና የበሰለ ምግብ በአንድ ፍሪጅ ማደራቸውን፣ ዊልቸር በመታጠቢያ ቤቱ በር ማለፍ አለማለፉን ግን ማን ገብቶ ያይልናል? ቡድን የሚልክ አስጎብኚም ከሩቅ ሆኖ የሚደራደረው ኮከቡን ይዞ ነው። በርካታ የአውሮፓ አገሮች ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆቴልስታርስ ዩኒየን በሚባል ኅብረት በጋራ መስፈርት መመደብ ይዘዋል፤ ከዚያ የመጣ እንግዳ «አራት» ስንለው ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል።

ምደባው እንከን የለውም አልልም። በየጊዜው ካልታደሰ ምንጣፉ እየሳሳ ኮከቡ እንዳለ ይቀመጣል፤ በታደሰው ጎረቤት ላይም በደል ነው። ኮከብ ሲጨምር ግብር ይጨምራል የሚለውን ስጋት ደግሞ ከሰዓት የመንግሥት ተወካዮች ባሉበት በግልጽ እናንሳው፤ በሹክሹክታ አይፈታም።

ከሥራ አመራር ኮሚቴው የቀረበ አንድ ሐሳብ አለ፦ መዛኝ እስኪመጣ ሳንጠብቅ በዕጣ ተመዳድበን፣ መስፈርቱን ይዘን፣ አስቀድመን ሳንነጋገር አንዳችን የሌላችንን ቤት እንድንፈትሽ። የእኔን ቤት ዕጣ የሚያወጣ ሰው በፈለገው ሰዓት ይምጣ። መውጫው አሁን ያለ ቁልፍ ከውስጥ ይከፈታል፤ ሳጥኖቹም ግቢ ወርደዋል።

ጉባኤው በይፋ ተከፍቷል። ዋና ጸሐፊ፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።