የድሮ ፊልም ቅጂ እንዴት ይታዘዛል?

(ምስል፦ ቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤቱ በኩል ቁልቁል ወደ ለገሃር)

ዛሬ ፒያሳ ቆማችሁ ብትቀርጹ የምታገኙት ፒያሳ ከጥቂት ዓመት በፊት የነበረውን አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። ስለ ሰፈሩ ዶክመንተሪ ለሚሠራ ሰው ካሜራ ይዞ መውጣት ብቻውን አይበቃም። ሌላ ሰው ቀድሞ የቀረጸውን መፈለግ ግድ ነው። ስለ አራት ኪሎም፣ ስለ ለገሃርም፣ ስለ ብሔራዊ ትያትር አካባቢም ያው ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ፍለጋ ነው። የድሮ ፊልምና ቪዲዮ የት እንደሚገኝ፣ ቅጂው እንዴት እንደሚታዘዝ፣ ክፍያውም ለምን እንደሚከፈል።

አንድ ነገር ከሁሉ በፊት እንለይ። ቅጂ ማግኘት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ያንን ቅጂ ለሕዝብ የማሳየት ፈቃድ ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱ ለየብቻ ይጠየቃሉ፤ ብዙ ጊዜም ለየብቻ ይከፈልባቸዋል። ፊልሙ አልቆ፣ ጣቢያው ወይም ፌስቲቫሉ "የፉቴጁ (የተቀረጸው ምስል) ፈቃድ የታል?" ሲል የሚደነግጡ ወጣት ባለሙያዎች አሉ። ዓመት ሙሉ የለፉበት ሥራ በአንድ ወረቀት ምክንያት ቆሞ ሲቀር ማየት ያሳዝናል። ይህን ቪዲዮ የሠራሁት እናንተን ያ እንዳይገጥማችሁ ነው።

(ምስል፦ የድሮ ጋዜጣ ገጾች)

"የጃንሆይ ዘመን ፊልም አላችሁ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። የአርካይቭ (የማኅደር) ሠራተኛ የሚፈልገው በቀን፣ በቦታ፣ በዝግጅትና በሪል (በፊልም ጥቅልል) ቁጥር ነው። ዘመን ብቻ ከነገራችሁት የት ይጀምር? ስለዚህ ፊልም ከመፈለጋችሁ በፊት ጋዜጣ ፈልጉ። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተማል። የቆዩ እትሞቹን ለማየት ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ወይም ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሂዱ። አንድ ሐውልት የተመረቀበትን ወይም አንድ እንግዳ የመጣበትን ቀን ጋዜጣው በትክክል ይነግራችኋል። ከዚያ በኋላ ጥያቄያችሁ መልስ የሚያገኝ ጥያቄ ይሆናል።

ቀኑን ስታገኙ የዘመን አቆጣጠሩን ልብ በሉ። ብዙ ፍለጋ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ግንቦት 1963። ልዩነቱ 8 ዓመት ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1964። እዚህ ደግሞ ልዩነቱ 7 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ 7 ትደምራላችሁ፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። የእኛ ዓመት ያለቀበት ዕለት ማለት ነው። የፈረንጅ መዝገብ ግን "መስከረም 1960" ይላል። ይህን ያላሰበ ሰው በ1959 መዝገብ ውስጥ ሲዳክር ይውላል።

ቀጥሎ ስም። የውጭ አገር መዝገቦች አገራችንን በአንድ ስም አይጠሯትም። የቆዩት "አቢሲኒያ" ይላሉ። ጃንሆይን ከንግሥናቸው በፊት "ራስ ተፈሪ" በሚለው ፈልጉ፤ በጣሊያንኛ መዝገብ ደግሞ "ኔጉስ" በሚለውም ሞክሩ። ሐረር፣ መቀሌ፣ አድዋ፣ ድሬዳዋ በእንግሊዝኛና በጣሊያንኛ አጻጻፋቸው ይለያያል። አንዱ አልመጣ ሲል ሌላውን ጻፉ።

(ምስል ቆም ይላል)

የጣሊያን ወረራ ፊልሞችን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ። አብዛኛው የዚያ ዘመን ምስል ያለው ሮም በሚገኘው ኢስቲቱቶ ሉቼ ነው። ተቋሙ በፈረንጅ 1924 የተመሠረተ ሲሆን፣ ለፋሺስቱ መንግሥት የዜና ፊልም ያዘጋጅ ነበር። የዜና ፊልሞቹና ፎቶግራፎቹ በ2013 በዩኔስኮ የዓለም ማኅደረ ትውስታ መዝገብ ገብተዋል። ብዙው ክምችት በድረ ገጹ ላይ ይታያል። ፊልሙን ስትፈልጉ የወራሪውን ቃል መጠቀም ግድ ይላችኋል፤ መግለጫውን የጻፈው እሱ ነውና። "ኢምፔሮ" (ኢምፓየር ማለት ነው) ብላችሁ ካልጻፋችሁ የማይወጣ ምስል ይኖራል። ያ ቃል ግን ከመፈለጊያ ሳጥኑ አልፎ ወደ ትረካችሁ መግባት የለበትም። ካሜራውን የያዘው ማን እንደነበረ ለተመልካች ንገሩት። በደስታ እጁን የሚያነሳ ሕዝብ በዚያ ፊልም ስታዩ፣ ማን አሰለፈው ብላችሁ ጠይቁ።

(ምስል፦ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ፒያሳ)

አሁን ወደ በሮቹ። አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ የቴሌቪዥን ምስል የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የኢቢሲን (የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽንን) በር ነው። የቀድሞው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ወራሽ እሱ ነው። የመጀመሪያው ስቱዲዮ እዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ የዜና ምስል የሚቀረጸው በ16 ሚሊሜትር ፊልም ነበር፤ ቴፕ በኋላ መጣ። ስለዚህ የሁለት ዓይነት ዕቃ ቅጂ ልትጠይቁ ትችላላችሁ።

በአገር ውስጥ ሥራው የሚጀምረው በደብዳቤ ነው። የድርጅታችሁ አርማና ማኅተም ያለበት፣ ቀንና ቁጥር የተጻፈበት ደብዳቤ። ተማሪ ከሆናችሁ ከዩኒቨርሲቲያችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ። መዝገብ ቤት ስታስገቡ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም አስመቱና ቁጥሩን ያዙ። ያ ቁጥር ከሌላችሁ በኋላ ጉዳያችሁ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ከባድ ነው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ግን ዝርዝር ይኑረው። ለምሳሌ ከቴሌቪዥኑ በፊት የተቀረጸ ፊልም ላለው ተቋም ቢሆን እንዲህ፦

"በግንቦት 1955 ዓ.ም. በአፍሪካ አዳራሽ የተካሄደውን የአፍሪካ መሪዎች ጉባኤ የሚያሳይ፣ በተለይም መሪዎቹ ወደ አዳራሹ ሲገቡ የተቀረጸ፣ እስከ 3 ደቂቃ የሚደርስ ምስል እንፈልጋለን። የምንጠቀምበት ለ40 ደቂቃ ዶክመንተሪ ሲሆን፣ በአገር ውስጥ ቴሌቪዥንና በዩቲዩብ ይታያል። በቅድሚያ የመመልከቻ ቅጂ፣ የቅጂና የአጠቃቀም ክፍያውን ለየብቻ የሚያሳይ ዋጋ፣ እንዲሁም ምስሉ ድምፅ ያለው መሆን አለመሆኑን እንዲገለጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን።"

የድምፁ ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብዙ የዜና ፊልም ያለ ድምፅ ነው የተቀረጸው። ንግግር አገኛለሁ ብሎ የከፈለ ሰው አፍ ሲንቀሳቀስ ብቻ ሊያይ ይችላል።

አንድ ምክር ልጨምር። ማኅደሩን ለረጅም ዓመታት የጠበቁትን ሠራተኞች በአክብሮት ቅረቧቸው። "ጋሼ፣ ይህን ዝግጅት ያስታውሱታል?" የሚለው ጥያቄ ካታሎግ የማያወጣውን ካሴት ሊያወጣ ይችላል። መለያው የተሳሳተ ካሴት ውስጥ ያለውን የሚያውቀው ያየው ሰው ነው። ያንን ዕውቀት በድምፅ ቀድቶ የሚያስቀምጥ ሰው ቢኖር ምንኛ ጥሩ ነበር።

ደግሞም አትቸኩሉ። አሮጌ የአሴቴት (የፕላስቲክ ዓይነት) ፊልም ሲበላሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ይኮማተራል፤ ማሽን ላይ በግድ ቢጫን ይቀደዳል። 400 ጫማ የሚሆን የ16 ሚሊሜትር ሪል 11 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። እሱን ለማሳየት ግን ማጽዳት፣ መጠገን፣ ስካን ማድረግ ያስፈልጋል። ዩማቲክና ቤታካም ለሚባሉት የድሮ ቪዲዮ ካሴቶች ደግሞ ማጫወቻው በሕይወት መኖር አለበት፤ አዲስ የሚያመርተው የለም። የቅጂ ክፍያ የምንለው ለዚህ ሥራ የሚከፈለው ነው።

(ምስል፦ የጊዜ ቁጥር የታተመበት ናሙና ቪዲዮ)

ውጭ አገር ያሉት አርካይቮች ብዙዎቹ መጀመሪያ ናሙና ይልኩላችኋል፤ ሎጎ ያለበት፣ የጊዜ ቁጥር ምስሉ ላይ የሚሄድበት። በሱ ኤዲት ታደርጋላችሁ። ከዚያ "ከዚህ ሰከንድ እስከዚህ ሰከንድ" ብላችሁ ታዝዛላችሁ። ቁጥሩን በደንብ መዝግቡ፤ የመጨረሻው ጥራት ያለው ፋይል የሚመጣው በዚያ ቁጥር ነው።

የእንግሊዙ የዜና ፊልም አርካይቭ ብሪቲሽ ፓቴ በፈረንጅ 2014 ዓ.ም. 85,000 ፊልሞችን ዩቲዩብ ላይ ጭኗል። ለፍለጋ ትልቅ ስጦታ ነው። ግን ማየት ተፈቀደ ማለት መጠቀም ተፈቀደ ማለት አይደለም። ከዩቲዩብ አውርዶ ፊልም ውስጥ መክተት ማዘዝ አይባልም። የኦሎምፒክ ምስል ከሆነ ደግሞ የአበበም ቢሆን መብቱ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ አርካይቭ ለየት ይላል። መንግሥታቸው ራሱ የቀረጸው ፊልም በአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብት የለበትም፤ የምትከፍሉት ለቅጂው ብቻ ነው። እዚያ ክምችት ውስጥ ያለው ሁሉ ግን የመንግሥት ሥራ አይደለም፤ እያንዳንዱን ጠይቁ።

አንዳንዴ ባለቤቱ አንድ አይደለም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከኮረም ዓለምን ያስደነገጠውን የረሃብ ዘገባ አስቡ። ያቀረበው የቢቢሲው ማይክል በርክ ነው። የቀረጸው ግን ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ነው፤ እሱም ይሠራ የነበረው ለዜና ፊልም ድርጅቱ ለቪስኒውስ ነው። ቪስኒውስ በኋላ ወደ ሮይተርስ ገባ። እንዲህ ባለ ጊዜ "ምስሉ የማን ነው፣ ድምፁስ የማን ነው?" ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

በእኛ አገር የቅጂ መብት ሕጉ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። የኦዲዮቪዥዋል (የምስልና የድምፅ) ሥራ የኢኮኖሚ መብት ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ጊዜው ያለፈ ፊልም ቢሆንም ካሴቱ የተቋሙ ንብረት ነው፤ ቅጂ ለመስጠት የራሱን ደንብና ክፍያ ሊያወጣ ይችላል። በፊልሙ ላይ ያለው ሙዚቃም የራሱ ባለመብት ሊኖረው ይችላል።

ፈቃዱን ስትፈርሙ ሦስት ነገር አንብቡ፦ የት አገር፣ በምን መንገድ፣ ለስንት ዓመት። ለፌስቲቫል ብቻ የሚሰጠው ርካሽ ነው፤ ግን ፊልሙ ነገ ቴሌቪዥን ቢፈልገው እንደገና ትከፍላላችሁ። እኔ የምመክረው፣ ሰፊ የሆነውን ፈቃድ ዋጋ አሁኑኑ አስጽፋችሁ እንድትይዙ ነው። ባትገዙትም በኋላ ለመደራደር ይረዳችኋል። ብዙዎቹ የውጭ አርካይቮች በሰከንድ ወይም በደቂቃ ያስከፍላሉ፤ ዝቅተኛ መጠንም አላቸው። 4 ሰከንድ ፈልጋችሁ ከዚያ በላይ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ክፍያው በውጭ ምንዛሬ ስለሆነ ፕሮፎርማ ኢንቮይስ ጠይቁና ባንክ ጋ ቀድማችሁ ሂዱ። ዘመድ ከውጭ ቢከፍልላችሁም ፈቃዱ በእናንተ ድርጅት ስም ይጻፍ።

(ምስል የለም፤ ድምፅ ብቻ)

ከመብቱ ሌላ ኃላፊነትም አለ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በፈረንጅ 1973 ስለ ወሎ ረሃብ ፊልም ሠራ። ያ ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ግን እንዳለ አልታየም፤ የቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች በመሀል ገብተውበት ነው። ጃንሆይ በማግስቱ ከዙፋን ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም ተደግሶ ነበር። ሁለቱን ከማያያዝ የተወለደው ትርጉም ግን ያያያዛቸው ሰው ሥራ ነው። አንድ ቅጂ እጃችሁ ሲገባ ይህ ሁሉ ኃይል አብሮ ይገባል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሾት (የምስል ቁራጭ) ምንጩን፣ ቀኑንና ቦታውን መዝግቡ። ስለ አንድ ዓመት እያወራችሁ የሌላ ዓመት ምስል ካሳያችሁ ስክሪኑ ላይ ጻፉት።

(ምስል፦ ኤዲቲንግ ክፍል፣ ሃርድ ዲስክ)

ፋይሉን በተመለከተ ብዙ አልልም። ከተቻለ ፕሮሬስ 422 ኤችኪው የሚባለውን ከፍተኛ ጥራት ያለው የቪዲዮ ፋይል ጠይቁ። በ1080፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ አንድ ሰዓት ወደ 80 ጊጋባይት ስለሚሆን በቂ ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ። የድሮ ቴሌቪዥን ምስል 4 በ3 ነው፤ ሰፊ ስክሪን እንዲሞላ አትለጥጡት። የሰው ፊት ይሰፋል፤ ሕንጻውም ያጠረ ይመስላል። ጎንና ጎኑ ጥቁር ቢሆን ይሻላል።

ሲደርሳችሁ ያኑ ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዩት። የጎደለ ሰከንድ፣ የተቆራረጠ ድምፅ ወይም ያላዘዛችሁት ሾት ካለ ወዲያው በደብዳቤ ወይም በኢሜይል አሳውቁ። የፋይሉን ስም ስትቀይሩ የአርካይቩን ቁጥር አታጥፉት። በሁለት ዲስክ ቅዱትና አንዱን ከቢሮ ውጭ አስቀምጡ። ፈቃዱን፣ ደረሰኙንና የሾት ዝርዝሩን በአንድ ፎልደር አድርጉ፤ ጣቢያው የሚጠይቃችሁ እነዚህን ሦስቱን ነው። ክሬዲቱንም በውሉ ላይ እንዳለው፣ ፊደል ሳትቀይሩ ጻፉት።