ያልፈረምንበት መቃወሚያ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን እንግዶች፤

የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች ስለ ሦስት ጉዳዮች እንድናገር አደራ ሰጥተውኛል፤ አድናቂዎች በሚሠሯቸው የጌም ፖርቶች፣ ማለትም ጌሙ በሌላ መሣሪያ እንዲሠራ በሚያደርጉ ቅጂዎች፣ ላይ በቅጂ መብት ስም ስለሚወርደው እገዳ፣ ስለ አሮጌ ጌሞች አጠባበቅ፣ እንዲሁም ከባለመብት ኩባንያዎች ጋር ስላለን ግንኙነት። ሦስቱንም ለመንካት እሞክራለሁ። ነገር ግን እዚህ የተሰበሰብነው አብዛኞቻችን ለዓመታት የምንተዋወቅ በመሆናችን ሳልሸፋፍን ልናገር፤ የመጣሁት ለመጀመሪያው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ሦስት ጓደኞቼ፣ ባለቤቱ መሸጥ ካቆመ የቆየ አንድ ጌም በዛሬው ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ ለማድረግ ተነሣን። የጌሙንም የኩባንያውንም ስም አልጠራም። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ በዲስኩ ላይ ያለውን የማሽን ቋንቋ እያነበብን ያንኑ ሥራ የሚሠራ ኮድ በሲ ቋንቋ እንጽፋለን፣ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚቀይረው በዚያ ዘመን ኮምፓይለር አሳልፈን የሚወጣውም ከዋናው ጋር ባይት በባይት እስኪገጥም ድረስ እናስተካክላለን። በር ሲከፈት ካሜራውን የምታዞር፣ ከአርባ መስመር የማትበልጥ አንዲት ፈንክሽን ነበረች። ሁሉ ነገሯ ገጥሞ አንድ ሬጅስተር፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ቁጥር የሚይዝበት ቦታ፣ ብቻ እምቢ አለን። መስመሮቹን ስናስቀድምና ስናስከትል፣ ቅንፍ ስንጨምርና ስንቀንስ ሦስት ሳምንት ከረምን። በመጨረሻ ከመካከላችን በቅጽል ስሙ ብቻ የምናውቀው ልጅ ምሥጢሩን አገኘው፤ ዋናው ፕሮግራመር ምንም ሳያስፈልገው አንዱን ቁጥር በጊዜያዊ ተለዋዋጭ ውስጥ አስቀምጦት ኖሯል። እኛም ያንኑ አላስፈላጊ መስመር ጻፍን፤ ገጠመ። ምናልባት አምሽቶ ደክሞት የነበረ፣ ፊቱን አይተነው የማናውቅ ሰው የእጅ ጽሑፍ ያነበብን ያህል ነበር የተሰማን። እንደነዚህ ያሉ ሌሊቶችን ያሳለፋችሁ እዚህ ብዙ ናችሁ።

በሥራችን ውስጥ ከኩባንያው የተወሰደ አንድም ሥዕል፣ አንድም ድምፅ አልነበረም። ፕሮግራሙ እንደተከፈተ ተጫዋቹ የገዛውን ዋና ዲስክ ይጠይቃል፤ ከሌለው ይዘጋል። ይህንኑ «አንብቡኝ» በሚለው ፋይል የመጀመሪያ መስመር ላይ በገዛ እጄ ጽፌው ነበር።

አንድ ዓርብ ማታ ገጻችን ተነሣ። ከደረሰን ደብዳቤ ጋር የኩባንያው ወኪል መብታችንን ጥሰዋል ብሎ የዘረዘራቸው ፋይሎች ተያይዘዋል። ሦስተኛው ላይ የሰፈረው ያው «አንብቡኝ» ነበር። ሰዎች ዋናውን ጌም ገዝተው እንዲመጡ የሚለምነው ጽሑፌ የኩባንያው ንብረት ነው ተብሎ ታገደ! ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ፋይሉን ከፍቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። ሳያነቡ ማስወገድን ምን ብዬ ልጥራው? የመብት ጥበቃ ብዬ ልጠራው አልችልም።

እዚህ ላይ ሕጉን እንመልከት። ኮዳችንን የምናኖርባቸው ታላላቅ ድረ ገጾች የሚገዙት አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 (ዓመቶቹን ሁሉ በዚህ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ባወጣችው የዲጂታል ሚሌኒየም የቅጂ መብት ሕግ ስለሆነ፣ የትም ብንኖር ይደርስብናል። ሕጉ ለእኛም መልስ የመስጠት መብት ሰጥቷል፤ መቃወሚያ ካስገባን፣ ባለመብቱ ክስ ካልመሠረተ በቀር፣ ሥራችን ከ10 እስከ 14 ባሉት የሥራ ቀናት ውስጥ ይመለሳል። ሲነበብ ሚዛናዊ ይመስላል። ሁለቱን ወረቀቶች ግን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አስወግዱልኝ የሚለው ወገን በሐሰት መሐላ ቅጣት ሥር የሚያረጋግጠው ባለመብቱን የመወከል ሥልጣን እንዳለው ብቻ ነው፤ መብቱ ስለ መጣሱ በቅን ልቦና አምናለሁ ማለት ይበቃዋል። ተቃዋሚው ግን ሥራው የተነሣው በስሕተት መሆኑን ማመኑን በዚያው ቅጣት ሥር ማረጋገጥ፣ እውነተኛ ስሙን፣ አድራሻውንና ስልኩን መስጠት፣ ለአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሥልጣንም መገዛቱን መግለጽ አለበት። ያም ወረቀት የሚሄደው ለከሳሹ ነው። ደመወዝ የሚከፈላቸው ጠበቆች በአንድ በኩል፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ኮድ የሚጽፍ አንድ ሰው በሌላ በኩል! ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው።

በዚያች ሌሊት አራታችንም ተገናኝተን ማን ይፈርም ብለን ተጠያየቅን። አንዱ ልጅ ሊወለድለት ነበር። አንዷ የምትሠራበት ድርጅት እንዳይሰማ ፈራች። ያ ምሥጢሩን ያገኘው ልጅ እውነተኛ ስሙን ለእኛም ነግሮን አያውቅም። እኔስ? እኔ ጠዋት አየዋለሁ አልኩ። ጠዋት አላየሁትም።

የፈረሙ ግን አሉ። ግራንድ ቴፍት ኦቶ 3 እና ቫይስ ሲቲ የተባሉትን ጌሞች ኮድ ዳግም የጻፉትን፣ ሥራቸውን አርኢ3 ብለው የሰየሙትን ታስታውሳላችሁ። እነርሱም የዋናውን ጌም ፋይሎች ከተጫዋቹ ይጠይቁ ነበር፤ ለዓመታት ሳይታረሙ የቆዩ ስሕተቶችንም አርመዋል። በፌብሩዋሪ 2021 የጌሞቹ ባለመብት ቴክ-ቱ፣ ኮዱ ለተቀመጠበት ድረ ገጽ ለጊትሃብ፣ ማስታወቂያ ልኮ አስወገደው። መቃወሚያ ገባ፤ በጁን ኮዱ ተመለሰ። ብዙዎቻችን ያን ቀን እንደ ድል ቆጠርነው፤ እኔም አፌን ሞልቼ «አያችሁ!» ብያለሁ። በሴፕቴምበር ኩባንያው ካሊፎርኒያ ላይ ክስ መሠረተ። በኖቬምበር ደግሞ የእነዚያኑ ጌሞች አዲስ እትም ለገበያ አቀረበ፤ በስሕተት የተሞላ ስለነበር የቴክ-ቱ ቅርንጫፍ የሆነው አሳታሚው ሮክስታር በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ክሱ በ2023 ያለ ፍርድ ተዘጋ፤ ኮዱ ከነበረበት ቦታ ጠፍቷል። ዋናውን ፈታትቶ በማንበብ ዳግም የተጻፈ ኮድ ከዋናው ጋር እስከዚህ ቢመሳሰል ጥሰት ነው ወይስ አይደለም የሚለውም ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቀረ። በ1992 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሁለቱ የጌም ኩባንያዎች፣ በሴጋና በአኮሌድ፣ ክርክር ላይ፣ አንድን ፕሮግራም ለመረዳት ሌላ መንገድ ሲጠፋ ፈታትቶ ማንበብ ፍትሐዊ አጠቃቀም፣ ማለትም ያለ ባለመብቱ ፈቃድም የሚፈቀድ፣ እንደሆነ ፈርዷል። ያ ፍርድ የተገኘው አኮሌድ ጠበቃ የሚያቆም ኩባንያ ስለነበረ ነው። እኛ ግን ችሎቱ በር ላይ እንኳ ሳንደርስ እንመለሳለን፤ ዝም ባልን ቁጥርም ዝምታችን እንደ ጥፋተኝነት ይቆጠራል።

ከብዙዎቻችሁ ጋር የማልስማማበትም ነገር አለ፤ ደስ ባይላችሁም ልናገረው። በሜይ 2020 የሱፐር ማሪዮ 64 የኮምፒውተር ፖርት ተዘጋጅቶ ሲሰራጭ የጌሙ ባለመብት ኔንቲንዶ ማውረጃዎቹን ሲያስነሣ ብዙ ተጮኸ። ያ የተሰራጨው ፋይል ግን የጌሙን ሥዕልና ድምፅ በሆዱ ይዞ ነበር። በዚህ ኩባንያውን መውቀስ አልችልም። ሥዕልም ድምፅም የሌለበት፣ ተጠቃሚው የራሱን ቅጂ እንዲያቀርብ የሚጠይቀው ዲኮምፓይል የተደረገ፣ ማለትም ከማሽን ቋንቋ ሰው ወደሚያነበው ቋንቋ የተመለሰ፣ ኮድ ግን ጊትሃብ ላይ ቆይቷል። እኔ የምጠይቀው ይህ ልዩነት በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ እንዲታይ ነው፤ እናንተ ባለመብቶች፣ በእኛ የተወሰደባችሁ የትኛው ሥዕል፣ የትኛው ድምፅ፣ የትኛው መስመር እንደሆነ በስሙ ጥሩት። መጥራት ካቃታችሁ ደብዳቤውን አትላኩ!

ስለ ሁለተኛው ነጥብ በአጭሩ። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በአሜሪካ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶዎቹ በገበያ ላይ አይገኙም። የ1996ቱ ማሪዮ 64 የቅጂ መብት በአሜሪካ ሕግ የሚያበቃው ደግሞ 95 ዓመት ሲሞላው ነው። እስከዚያ ዲስኮቹ ይቆያሉ የሚል ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ሦስተኛው፣ ግንኙነት የተባለው፣ የሚቻል ነገር ነው። ኢድ ሶፍትዌር የተባለው ኩባንያ የዱም ጌሙን ሶርስ ኮድ በ1997 ለሕዝብ ለቀቀ፤ ዱም ዛሬ የማይሠራበት መሣሪያ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ሴጋም ከአድናቂነት የተነሣውን ክርስቲያን ዋይትሄድን አስጠርቶ ሶኒክ ማኒያ የተባለውን ጌም በ2017 አሳተመ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ወደ ዓርቧ ማታ ልመለስ። ሕጉ ለመቃወሚያ የጊዜ ገደብ አላስቀመጠም፤ ይህን ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው። የሞላሁት ቅጽ፣ ከፊርማው በቀር፣ አሁንም አለኝ። ሁለቱ ጓደኞቼ ዛሬ እዚህ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ሦስተኛው ከየት ሆኖ እንደሚሰማኝ አላውቅም። በዕረፍቱ ሰዓት በዚህ ሕግ ላይ የሠራችሁ ጠበቆች ካላችሁ በግራ በኩል ባለው በር አጠገብ እጠብቃችኋለሁ፤ ወረቀቱን ይዤዋለሁ፣ እስክሪብቶም አለኝ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።