ጠረጴዛ እግር አውጥቶ አይሄድም

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የተጠራሁት የአይቲ ክፍልን የዓመት ሥራ እንዳቀርብ ነው። ሪፖርቱ እጃችሁ ላይ ስላለ አላነብላችሁም። የማወራው ስለ ምዝገባው ቀን ነው።

መቼም አትረሱትም። ሰልፉ ግቢው በር ደርሷል። የሬጅስትራር አራቱም ኮምፒውተሮች ላይ ያቺ ክብ ትሽከረከራለች። ስልኬ አላረፈም፤ «ዋይፋዩ ጠፋ!» ዋይፋዩስ አልጠፋም፣ ምልክቱ ሙሉ ነበር። ጉዱ ያለው ሰልፈኛው ኪስ ውስጥ ነው። ያ ሁሉ ስልክ በአንድ ራውተር፣ ዋይፋዩን በሚያሰራጨው ሳጥን፣ ተንጠልጥሏል። ዋይፋይ ደግሞ እንደ እድር ስብሰባ ነው፤ በአንድ ቻናል፣ ማለትም በአንድ የሬዲዮ መስመር፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል። ሁለት ሰው እኩል ካወራ ሁለቱም ይደግማሉ። በዚያ ላይ የክበቡ ማይክሮዌቭ ከግድግዳው ጀርባ ነው። እሱም ራውተራችንም በ2.4 ጊጋኸርዝ የሞገድ ክልል አካባቢ ስለሚሠሩ ይረብሸዋል። ፍርፍር ሲሞቅ ምዝገባ ይቆማል!

ከስቶር ኬብል አወጣሁ። ኮሪደሩን ይዤ ጎተትኩት። መሬት ተንበርክኬ የውስጥ ሽቦዎቹን በየቀለማቸው ደርድሬ ጫፉን ገጠምኩ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ... መጀመሪያ ላይ ተሳስቼ ቆርጬ ጣልኩት፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሁለተኛው ኬብሎችን የምታገናኘዋ ሳጥን፣ የስዊቿ፣ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች። ሰልፉ ከምሳ በፊት አለቀ።

በሳምንቱ ኬብሌ ተጠቅልሎ ስቶር ተመለሰ። «ኮሪደሩን አበላሸ» ተባለ። በምትኩ ምን ተገዛ? ባለ ስድስት አንቴና ራውተር! አንቴና ሲበዛ አየሩ ይሰፋል እንዴ? ከቦታው የማይነቃነቅ ኮምፒውተር ለምን በአየር ይገናኛል? ጠረጴዛው እግር አውጥቶ ይሄዳል?

የዋይፋይ ጠላት አይደለሁም። ለስልክ፣ ለላፕቶፕ፣ ለዚህ አዳራሽ እሱ ይሻላል። ኬብልም በመሃል ስዊች ካልገባለት ከ100 ሜትር በላይ አይዘልቅም፤ አይጥም ይወደዋል። እንዲያውም አሜሪካዊው መሐንዲስ ቦብ ሜትካፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ኤተርኔትን፣ ይህንን የኬብል ግንኙነት ዘዴ፣ ሲያስብ መነሻ የሆነው የሃዋይ የሬዲዮ ኔትወርክ ነበር። ኬብልና ዋይፋይ ዘመዳሞች ናቸው።

ስለ ፕሪንተሮቹ ሪፖርቱን እዩ።

ስቶር ውስጥ ያልተከፈተ ባለ 305 ሜትር የኬብል ካርቶን አለ። ምዝገባው መስከረም ላይ ነው። የምጠይቀው ግድግዳውን እንድበሳ ፈቃድ ብቻ ነው። መሰርሰሪያውን ከቤቴ አመጣለሁ።